ደጋፊ ክለቡን መቀየር የሚገባው ጊዜ አለ?

ጥላ_ፎቅ ጠየቀ፦

ሰላም ለቤቱ። ክለብ ስለመቀየር የሚነሳ ክርክር ሁሉ ሁለት መስመር ሳይሄድ ስድብ ይሆናል። አንዱ «ከሃዲ» ይላል፣ ሌላው «ማንን እንደምደግፍ አንተ አትነግረኝም» ይላል፣ በዚያው ያልቃል። ስለዚህ ጥያቄውን ጠበብ አድርጌ ላቅርበው።

ቡድኑ ስለተሸነፈ፣ ስለወረደ ወይም ጎረቤቱ ዋንጫ ስላነሳ ማልያ የሚቀይረውን ሰው እንተወው። የእኔ ጥያቄ ክለቡ ራሱ ሲለወጥ ነው። ባለቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ወሰደው እንበል። ወይም ቀለሙን፣ አርማውን፣ ስሙን ቀየረው። ወይም በጀት ተቋርጦ በአንድ ደብዳቤ ፈረሰ። እንዲህ ሲሆን ደጋፊው አሮጌውን ስም ይከተል፣ አዲስ ክለብ ይመሥርት፣ ወደ ሌላ ይሂድ ወይስ ቤቱ ይቀመጥ? «ክለቡ ያው ነው» ወይም «ይህ ሌላ ክለብ ነው» የሚባለውስ በምን ይለካል?

እዚህ ቤት የውጭውንም የአገር ቤቱንም ሊግ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ አላችሁ። ዓመትና ቁጥር ያለው መልስ ብታመጡ ደስ ይለኛል።


የመስመር_ዳኛ መለሰ፦

ለዚህ ጥያቄ ከዊምብልደን የተሻለ ማስረጃ ስለሌለ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዊምብልደን በ1889 የተመሠረተ የደቡብ ለንደን ክለብ ነው። ወደ እንግሊዝ ፉትቦል ሊግ የገባው በ1977 ሲሆን በ1986 ከፍተኛው ዲቪዚዮን ደረሰ። በ1988 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ሊቨርፑልን 1 ለ 0 ረታ፤ ሎሪ ሳንቼዝ አገባ፣ ዴቭ ቢሰንት የጆን አልድሪጅን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። መዘዙ የመጣው ከሜዳው ነው። ከሂልስቦሮ አደጋ (ብዙ ደጋፊዎች ስታዲየም ውስጥ ተጨናንቀው ከሞቱበት) በኋላ የወጣው የቴይለር ሪፖርት ትልልቅ ክለቦች የቁም ቦታውን አንስተው ስታዲየሙን በሙሉ በወንበር እንዲያደርጉ አስገደደ። ፕላው ሌን የተባለው አሮጌ ሜዳ ለዚያ አይመችም ተባለና ክለቡ በ1991 የክሪስታል ፓላስን ሴልኸርስት ፓርክ ተከራይቶ ገባ። ለጊዜው የተባለው ኪራይ 12 ዓመት ዘለቀ፤ የፕላው ሌን መሬትም ለሱፐርማርኬት ኩባንያ ተሸጠ። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ደጋፊ ሊጮህ የሚገባው ክለቡ ከተማ ሲለቅ ሳይሆን የሜዳው መሬት ሲሸጥ ነው። ሜዳ የሌለውን ክለብ ባለቤቱ ወደፈለገበት ማንሳት ይችላል፤ የሚያስረው ነገር የለምና።

በ2001 ባለቤቶቹ ክለቡን ወደ ሚልተን ኬንስ እንወስዳለን አሉ፤ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የእግር ኳስ ማኅበሩ ጉዳዩን ለሦስት ሰዎች ኮሚሽን መራው፤ ኮሚሽኑ ግንቦት 28 ቀን 2002 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈቀደ። ደጋፊዎች ዊምብልደን ላይ አዲስ ክለብ ቢያቋቁሙ ለእግር ኳሱ ሰፊ ጥቅም እንደማይበጅም በውሳኔው ላይ ሰፍሯል። እነሱ ግን ያደረጉት ያንኑ ነው፤ ያውም በሳምንታት ውስጥ። ኤኤፍሲ ዊምብልደንን መሠረቱ፣ በዊምብልደን ኮመን ሰፊ ሣር ላይ ለማንም ክፍት የሆነ የተጫዋቾች ምርጫ አደረጉ፤ ወደ 230 ሰው መጣ። በሐምሌ ከሰተን ዩናይትድ ጋር ባደረጉት የመጀመሪያ የወዳጅነት ጨዋታ 4 ለ 0 ተሸነፉ፤ ተመልካቹ ግን 4,657 ነበር። የቀረው አሮጌው ክለብ ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት ከሮዘርሃም ጋር በሁለተኛው እርከን ሲጫወት 849 ሰው ብቻ ገባ። ለእኔ ክርክሩን የዘጋው ይህ ነው። ሕዝቡ የት እንዳለ ታየ።

አዲሱ ክለብ በዛሬው አቆጣጠር ዘጠነኛው እርከን ከሆነ የአካባቢ ሊግ ጀመረ። ከየካቲት 2003 እስከ ታኅሣሥ 2004 ድረስ 78 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄደ። በዘጠኝ ዓመት አምስት ጊዜ አድጎ በ2011 ሉተንን በመለያ ምት አሸንፎ ፉትቦል ሊግ ገባ። በኅዳር 2020 ከአሮጌው ቦታ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ርቆ በተሠራው አዲሱ ፕላው ሌን መጫወት ጀመረ። ለግንባታው ገንዘብ ሲያጥር ደጋፊዎች ቦንድ ገዝተው ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አዋጡ፤ አብዛኛው ድርሻም ዛሬ በደጋፊዎች ማኅበሩ እጅ ነው።

ወደ መለኪያው ልምጣ። ስም ብቻውን አይለካም፤ አገር ቤት የቀድሞው ቡና ገበያ ኢትዮጵያ ቡና ሲባል አንድም ሰው ክለብ ቀየርሁ አላለም። የባለቤት መቀየርም አይለካም። እርከንም አይለካም። ናፖሊ በ2004 ከስሮ ሦስተኛው እርከን ላይ በአዲስ ድርጅት፣ በተለወጠ ስም ሲጀምር የኔፕልስ ሰው ስታዲየሙን ሞላው፤ ስሙን በ2006 አስመለሰ፣ በ2007 ሴሪ ኤ ገባ፣ በ2023 ሻምፒዮን ሆነ። ፊዮረንቲናም በ2002 እንዲሁ። በሕግ ሁለቱም አዲስ ድርጅት ናቸው። ደጋፊያቸው ግን አልተንቀሳቀሰም፣ ቡድኑም ከከተማው አልወጣም። ስለዚህ እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ክለቡ ያለው እዚያው ሕዝብ መካከል ነው ወይ? ለውጡንስ የወሰነው ማን ነው፣ ደጋፊው ተጠይቋል ወይ? ሁለቱም መልስ «አይ» ከሆነ ደጋፊው ቢሄድ ክለብ ቀየረ አይባልም፤ የሄደው ክለቡ ነው።


ብርቱካናማ_ስካርፍ መለሰ፦

የመስመር_ዳኛ የጻፈው ልክ ነው፤ ነገር ግን ሰዎች ዊምብልደንን እያነሱ ቶሎ ወደ መውጣት ይሮጣሉ። በመቆየትና በመልቀቅ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ክለቡን ሳይቀይሩ ለባለቤቱ ገንዘብ መከልከል። ከሁሉ በፊት መሞከር ያለበት ይህ ነው፤ ሠርቶም ያውቃል።

ብላክፑልን ተመልከቱ። ደጋፊዎቹ ከኦይስተን ቤተሰብ ጋር ሲጣሉ መፈክራቸው «ከእንግዲህ አንዲት ሳንቲም የለም» ነበር። የዓመት ትኬት ቀረ፣ ማልያ ቀረ፣ ስታዲየም ውስጥ ሻይና ምግብ መግዛት ቀረ። ክለቡ በ2015 እና በ2016 በተከታታይ ወረደ። በ2017 በዌምብሌይ የተደረገውን የፕሌይኦፍ ፍጻሜ እንኳ ብዙዎቹ ሳያዩ ቀሩ። ደጋፊ ላልሆነ ሰው ቀላል ይመስላል፤ ቡድንህ ዌምብሌይ ገብቶ ቤትህ መቀመጥ ግን ትልቅ ዋጋ ነው። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ቤተሰቡ ከክለቡ አላግባብ ገንዘብ አውጥቷል ብሎ ለሌላው ባለድርሻ 31 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንዲከፍል ፈረደ። ያንን መክፈል ሲያቅት በ2019 ክለቡ በፍርድ ቤት ተረካቢ እጅ ገባ። መጋቢት 9 ቀን 2019 ደጋፊው ተመለሰ፤ ከ15,000 በላይ ሰው። ባለሀብቱን የጣለው የፍርድ ቤቱ ክስ ነው፤ ቦይኮቱ ደግሞ የገቢ ምንጩን ስለዘጋ ክፍያውን ከክለቡ ገቢ ለመወጣት የሚያስችል መንገድ አልቀረለትም።

ኮቨንትሪ ደግሞ በ2013 ወደ ኖርዝሃምፕተን ሲወሰድ፣ አንዳንድ ደጋፊዎች ስታዲየሙ አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ ቆመው ያለ ትኬት ያዩ ነበር። ቡድኑን ያያሉ፣ ባለቤቱ ምንም አያገኝም። በ2014 መስከረም ክለቡ ወደ ከተማው ተመለሰ። ካርዲፍ በ2012 ከሰማያዊ ወደ ቀይ ተቀየረ፤ በቀይ ማልያ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ እንኳ ደጋፊው ሰማያዊ ስካርፉን አላወለቀም፣ በጥር 2015 ሰማያዊው ተመለሰ። የሀል ሲቲ ባለቤት ክለቡን «ሀል ታይገርስ» ሊያሰኘው ሲሞክር በ2014 የእግር ኳስ ማኅበሩ ምክር ቤት ከለከለው።

ቦይኮት የሚከሽፍባቸውን ምክንያቶችም ልጥቀስ። አንደኛው ጥያቄው ግልጽ አለመሆኑ ነው። «ባለቤቱ ይውጣ» የሚለው ገዢ ከሌለ የትም አያደርስም፤ «ሜዳው ላይ የተያዘው ብድር ይገለጽ» የሚለው ግን መልስ ያስገድዳል። ሁለተኛው ግማሹ ከሜዳ ሲቀር ግማሹ እየገባ እርስ በርስ መሰዳደቡ ነው። ያ ለባለቤቱ በነጻ የተሰጠ ድል ነው። ለመግባት የመረጠውን «አስመሳይ» ማለት ካልቆመ ንቅናቄው በአንድ የውድድር ዘመን ይበተናል። ሌላው ደግሞ ከቲኬቱ ቀርቶ በክለቡ ሱቅ መግዛት ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው አንድ ኪስ ነው።

አሁን ሕግም አለ። በ2025 የጸደቀው የእንግሊዝ እግር ኳስ አስተዳደር ሕግ አርማንና የሜዳ ማልያ ቀለምን ለመቀየር የደጋፊውን አብላጫ ድጋፍ ይጠይቃል፤ ስም ለመቀየር የእግር ኳስ ማኅበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሜዳ መሸጥና ቦታ መቀየርም በአዲሱ ተቆጣጣሪ ይታያል። ለእኛ አንባቢዎች አንድ ማስታወሻ፦ ሕጉ የሚቆጥረው በእንግሊዝና በዌልስ ያለውን ደጋፊ ነው። አዲስ አበባ፣ ዱባይ ወይም ዋሺንግተን ያለ የአርሰናል ደጋፊ በዚህ ውስጥ ድምፅ የለውም።


ካታንጋ_ዘጠኝ መለሰ፦

የአገር ቤቱን እኔ ልሙላ። የእኛ ችግር ከእንግሊዙ ይለያል። እዚያ ክለብን የሚያጠፋው ባለሀብት ነው፤ እዚህ ባብዛኛው የበጀት ውሳኔ ነው። ክለቦቻችን በሦስት ይከፈላሉ፦ የመንግሥት ተቋም ክለብ (ባንክ፣ መብራት፣ መድን፣ መከላከያ)፣ የከተማ አስተዳደር ክለብ (ስማቸው ላይ «ከተማ» የሚል ያለባቸው) እና ሕዝባዊ መሠረት ያላቸው እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ያሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ለደጋፊ ከሁሉም አደገኛው ነው። የተቋሙ ቦርድ ስፖርቱን በወጪ መዝገብ ላይ እንደ አንድ መስመር ያየዋል፤ ቡድኑ ሲወርድ መስመሩ ይሰረዛል።

ንግድ ባንክ ምሳሌ ይሁነን። በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረደ በኋላ የወንዶቹ ቡድን ፈረሰ። የሴቶቹ ቡድን ግን ቀጠለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ የሴቶቹ ቡድን ያንኑ ስም፣ ያንኑ አርማ ይዞ እየተጫወተ «ክለቡ ሞተ፣ ሌላ ፈልጌያለሁ» ያለ ሰው ክለቡ ሳይሞት ነው የሄደው። የወንዶቹ ቡድን እንደገና ተቋቁሞ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በተመለሰበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆነ። በመካከል ሌላ ክለብ የያዘ ደጋፊ ሁለት ልብ ሆኖ ተገኘ። እኔ በእንዲህ ያለ ሰው አልፈርድበትም። ነገር ግን ወይ ይመለስ ወይ ይቅር፤ ዋንጫው ሲነሳ ባንክ፣ ሳምንቱን ጊዮርጊስ መሆን ግን ሁለቱንም ማጣት ነው።

ከዚህ ፈጽሞ የሚለየው የትግራይ ክለቦች ጉዳይ ነው። መቐለ 70 እንደርታ የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት እሱና ወልዋሎ አዲግራት፣ ስሑል ሽረም ከሊጉ ውጭ ሆኑ፤ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። ክለብ መቋረጥና ክለብ መፍረስ አንድ አይደለም። ሜዳ ሳይገባ የቆየ ክለብ ሕዝቡ ካለ አለ፤ የጠበቁት ደጋፊዎችም ትክክል ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት በሌላ ቡድን ጨዋታ ልቡን ያሳረፈ ሰውም ቢሆን ክብሩ አይነካም፤ በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ስለ ታማኝነት ሊጠየቅ አይገባም።

ሌላው የደጋፊ መራቂያ ምክንያት ግን በየቀኑ የሚታየውና ማንም የማያነሳው ነው፦ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በየክለቡ ሜዳ መሆናቸው ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄዳቸው። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊ ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ ቆሞ የሚዘምርበት ቦታ አጣ። ወደ ሐዋሳ ለመሄድ የመኪና፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ አለ፣ ጨዋታው በሥራ ቀን ከሆነ ደግሞ ፈቃድ። ወጣቱ በአቅራቢያው ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የእንግሊዝ ክለብ ቢይዝ ምን ይገርማል? ይህንን ክህደት አትበሉት። ወደ ሜዳ የሚወስደው መንገድ ነው የተዘጋበት። መፍትሔው ደጋፊ ማኅበሩ እጅ ላይ ነው፦ በዙሩ መጀመሪያ መርሐ ግብሩ ሲወጣ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ጉዞ ብቻ መርጦ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ የሚውለውን ጨዋታ ለይቶ፣ አውቶቡስ ቀድሞ መያዝ። ሁሉንም ጨዋታ እንሂድ የሚል ማኅበር በሦስተኛው ጉዞ ባዶ አውቶቡስ ይዞ ይቀራል።


ጥላ_ፎቅ መለሰ፦

እናመሰግናለን፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ካታንጋ ያነሳው ቀጣይ ጥያቄ ይፈጥራል። የተቋም ክለብ ሲፈርስ ደጋፊው ራሱ ቡድን ማቋቋም ይችላል ወይ? ዊምብልደኖች ስለተሳካላቸው ብቻ ነው የምናወራው፤ ያልተሳካላቸውስ?


ሒሳብ_ያዥ መለሰ፦

ይቻላል፣ ግን ብዙዎች የሚወድቁት በሜዳ ላይ ሳይሆን በወረቀትና በገንዘብ ነው። ቅደም ተከተሉን እንደሚሠራው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሚመሠረተው ቡድኑ ሳይሆን ማኅበሩ ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ፤ 10 ሺህ ብር ያዋጣም 200 ብር ያዋጣም እኩል። ይህ በመተዳደሪያ ደንቡ ካልተጻፈ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ባለሀብት በእዳ ጊዜ መጥቶ ያንኑ የሸሻችሁትን ታሪክ ይደግመዋል። ሜዳ መሸጥ፣ ስም መቀየር፣ ከሌላ ጋር መዋሐድ የሚሉት ደግሞ ከተራ አብላጫ በላይ፣ ለምሳሌ ሁለት ሦስተኛ፣ እንዲጠይቁ አድርጉ። በጀርመን 50+1 የሚባለው ደንብ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ አባላቱ ከድምፁ ግማሹን ሲደመር አንድ ይይዛሉ።

ቀጥሎ ስምና አርማ። የፈረሰው ተቋም ስሙን ይዞ ሊቀር ስለሚችል ለመጠቀም የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ካልተገኘ ቀለሙን ያዙ፤ ቀለምን የሚከለክል የለም። የኦስትሪያው ሳልዝቡርግ ደጋፊዎች ያደረጉት ይህንን ነው። ሬድ ቡል በ2005 ክለቡን ገዝቶ ሐምራዊና ነጩን ወደ ቀይና ነጭ ሲቀይር በዚያው ዓመት ሐምራዊውን ይዘው አውስትሪያ ሳልዝቡርግን እንደገና መሠረቱ፣ በ2006 ከሰባተኛው እርከን ጀመሩ።

ሦስተኛ ሜዳ፤ ኪራዩ ላይ የሚፈረመው ከአንድ ዓመት ባልበለጠ ውል ነው። ከፍ ያለው እርከን የሚጠይቀውን (አጥር፣ መልበሻ ክፍል፣ የተመልካች መለያ) ሜዳው ወደፊት ያሟላ እንደሆነ ከመፈረም በፊት ማየት ግን ግድ ነው። አራተኛ ምዝገባ፤ ለሊጉ ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ካለፈ አንድ ዓመት ሙሉ ይጠፋል። አንድ ዓመት ያለ ጨዋታ የቆየ ደጋፊ ግማሹ አይመለስም። ዊምብልደኖች ግንቦት መጨረሻ ላይ ተፈርዶባቸው በሐምሌ የተጫወቱት ይህንን ስለገባቸው ነው። እኛ ጋ መነሻው የክፍለ ከተማ ወይም የክልል ውድድር ነው፤ ከዚያ አንደኛ ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያ ፕሪሚየር ሊግ።

የሚያፈርሰው ምንድን ነው ላልከው፣ ከሁሉ በፊት ቶሎ ማደግ። የሳልዝቡርጉ ክለብ በ2015 ሁለተኛው እርከን ሲገባ ለደረጃው የሚጠየቀውን ወጪ አልቻለም፤ በዚያው የውድድር ዘመን ኪሳራ አስመዘገበና ተመልሶ ወረደ። ማደግ ማለት ረጅም ጉዞ፣ ተጨማሪ ጥበቃ፣ የሜዳ እድሳት፣ ደሞዝ ነው፤ ገቢው ግን በአንድ ዓመት አይጨምርም። ማደግን ያለመፈለግ ድፍረት ያስፈልጋል፤ በጉባኤ ላይ ይህን የሚናገር ሰው ይጠላል፣ ቢሆንም መናገር አለበት።

ሌላው ሜዳ መሥራት። በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ማንቸስተር ዩናይትድን ሲገዛ ወጥተው ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተርን የመሠረቱት ደጋፊዎች በ2015 የራሳቸውን ብሮድኸርስት ፓርክ ከፈቱ። ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ በማኅበረሰብ አክሲዮን ሰበሰቡ፤ ትልቅ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ስድስተኛው እርከን ደረሱ፣ በ2019 ወረዱ። የሜዳው ጥገናና ብድር ከቡድኑ በጀት ጋር ሲሻማ የሚሆነው ይህ ነው።

መከፋፈሉ ደግሞ የቤሪ ታሪክ ነው። በ1885 የተመሠረተ፣ ሁለት ጊዜ የኤፍኤ ዋንጫ ያነሳ ክለብ ነሐሴ 27 ቀን 2019 ከሊጉ ተባረረ። ግማሹ ደጋፊ ቤሪ ኤኤፍሲን መሥርቶ በጎረቤት ሜዳ መጫወት ጀመረ፤ ሌላው አሮጌውን ስምና ጊግ ሌንን ለማዳን ቀረ። ሁለት ማኅበር፣ አንድ ከተማ። በ2022 ለመዋሐድ ድምፅ ሲሰጥ አንደኛው ማኅበር የሚፈለገውን ድምፅ ለጥቂት አጣ፤ በ2023 እንደገና ተሰጥቶ አለፈ፣ ቤሪ ኤፍሲ በስሙና በሜዳው ተመለሰ። አራት ዓመት የወሰደው አንድ ጥያቄ በመጀመሪያው ስብሰባ ስላልተዘጋ ነው፦ አሮጌውን ነው የምናድነው ወይስ አዲስ የምንጀምረው? ማኅበር የምትመሠርቱ ሰዎች ይህን ጥያቄ ማልያ ከመምረጣችሁ በፊት በድምፅ ወስኑት።


ቀይ_ከኢየሩሳሌም መለሰ፦

ሒሳብ_ያዥ በጻፈው ላይ አንድ ልጨምር፤ በእስራኤል ያለን ሰዎች በቅርብ የምናየው ስለሆነ። የሃፖኤል ኢየሩሳሌም ደጋፊዎች በባለቤቶቹ ተማርረው በ2007 ሃፖኤል ካታሞንን መሠረቱ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው በደጋፊ የተያዘ ክለብ ነው። አሮጌው ክለብ በእዳ ሲወድቅ በ2020 ካታሞን ስሙንና አርማውን ወሰደ፣ በ2021 ሊጋት ሃዓል (የእስራኤል ከፍተኛው ሊግ) ገባ። ማለትም ወጥቶ መመሥረትም አንዳንዴ ወደ አሮጌው ስም የመመለሻ መንገድ ነው፤ ከመነሻው «ለዘላለም ተለያየን» ብለው ካልማሉ።


ማልያ_አሥራ_ሁለት መለሰ፦

ስለ ቴሌቪዥን ደጋፊው ማንም አልተናገረም፤ አብዛኞቻችን ግን እዚያ ነን። የዊምብልደን መለኪያ ለእኛ በቀጥታ አይሠራም፤ ክለቡ ድሮም ከተማችን ውስጥ አልነበረም። አርሰናል ወይም ማንቸስተር የያዝነው በአንድ ቡድን ወይም በአንድ ተጫዋች ፍቅር ነው፣ ብዙ ጊዜም በታላቅ ወንድም ተጽእኖ።

ተጫዋች የሚከተለው በግልጽ ተጫዋች እከተላለሁ ይበል። ሜሲ በ2021 ከባርሴሎና ወደ ፓሪስ፣ በ2023 ወደ ኢንተር ማያሚ ሲሄድ አብሮት የሄደ ሰው ባርሴሎናን አልከዳም፤ ከመጀመሪያው የሜሲ ነበር። ችግሩ ራሱን የክለብ ደጋፊ ብሎ ሲጠራ ነው፤ ተጫዋቹ የሄደ ዕለት ከክለቡ ጋር የሚያገናኘው ነገር አይኖርም።

ክለብ ለመቀየር በእውነት የወሰነ ካለ ግን ጊዜው ነሐሴ ነው፣ ሊጉ ሲጀመር። ሚያዝያ ላይ ሰንጠረዡ ከታወቀ በኋላ አይሆንም። የሚይዘውም ከአሮጌው ያነሰ ውጤት ያለውን ቢሆን ነው የሚታመነው፤ ከቶተንሃም ወደ ማንቸስተር ሲቲ የሄደ ምክንያቱ ምንም ይሁን አይሰማም። ሁለተኛ ክለብ መያዝ ደግሞ ከሌላ አገር ሊግ ከሆነ ምንም አይደለም፣ በቻምፒየንስ ሊግ ቢገናኙ ማን እንደሚቀድም ግን ዕጣው ሳይወጣ መታወቅ አለበት። አርሰናል ከ2004 በኋላ ሃያ ዓመት የሊግ ዋንጫ ሳያይ ካዛንቺስም መገናኛም ማልያውን ያላወለቀው ደጋፊ አለ። ያ ሰው ኤመሬትስን አይቶ አያውቅም፤ ክለቡን ግን ከብዙ የለንደን ሰው ይበልጥ ይዞታል ብል አልሳሳትም።

በርቀት ሆኖ ድምፅ እንዲኖረው የሚፈልግ ወደ ጀርመን ይመልከት። ባየርን ወይም ዶርትሙንድ ከውጭ አገርም አባል ይቀበላሉ፤ በባየርን ድምፅ የሚሰጠው ግን ጠቅላላ ጉባኤው ላይ በአካል የተገኘ ነው።


የመስመር_ዳኛ መለሰ፦

አንድ ጉዳይ ሳይነሳ እንዳይቀር። ሚልተን ኬንስ ውስጥ የሚኖር፣ ኤምኬ ዶንስን (ወደዚያ የተወሰደውን አሮጌውን ዊምብልደን) የሚደግፍ ሰው ጥፋተኛ ነው ወይ? አይደለም። ክለቡ ይህን ስም የያዘው በ2004 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ የከተማው ልጅ የቅርብ ክለቡን ነው የያዘው። ቅሬታው የነበረው በታሪኩ ላይ ነው፤ የ1988ቱ ዋንጫ የማን ነው በሚለው። በ2007 ኤምኬ ዶንስ የዋንጫውን ቅጂና ሌሎቹን የዊምብልደን ቅርሶች ዊምብልደን ለሚገኝበት የለንደን መርተን ወረዳ አስረከበ፣ ታሪኩንም ከ2004 መቁጠር ጀመረ። የደጋፊዎች ፌዴሬሽኑም በዚሁ የርክክብ ስምምነት ነው በክለቡ ላይ የነበረውን ቦይኮት ያነሳው። ሁለቱ ክለቦች በታኅሣሥ 2012 በኤፍኤ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ኤምኬ ዶንስ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ከዊምብልደን ደጋፊዎች ግን ወደዚያ ስታዲየም አልገባም ብለው የቀሩ ነበሩ፣ ገብተው የዘመሩም ነበሩ።